የከተማችሁን ታሪክ ከጋዜጣው የኋላ ገጽ ጀምሩ

ይድረስ የከተማችሁን ታሪክ ለመጻፍ ለተነሳችሁ ልጆቼ፤

ዕድሜዬን የጨረስኩት በድሮ ጋዜጦችና ሰነዶች መሀል ነው። ጡረታ ወጥቼም መጥታችሁ ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ የምትጽፉት ስለ ድሬዳዋ ስለሆነ በእሷው ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን አጣሩ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ማለቂያ፣ በወርሃ ታኅሣሥ ነው። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስላልቻለ ከሥሩ ቆመ፤ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። ታዲያ አንዱ 1902ን የእኛ ዓመት አስመስሎ ይጽፈዋል። ሌላው ቸኩሎ 8 ይቀንስና 1894 ይላል። ሁለቱም ስተዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ስለዚህ 1895። አንዴ ከተሳሳተ በኋላ ኮፒ ፔስት እየተደረገ አገር ያዳርሳል።

ስለ ታዋቂ ሰዎች ስትጽፉ ሁላችሁም ወደ ራስ መኮንን፣ ሐረር ወደኖረው ፈረንሳዊ ገጣሚ ራምቦ፣ ወደ ድምፃዊው አሊ ቢራ ትሮጣላችሁ። ይሁን፣ ይገባቸዋል። ግን የድሬዳዋን ሰፈሮች፣ ከዚራን ከዚራ፣ መጋላን መጋላ ያደረጉት ነጋዴዎችና የባቡር ሠራተኞች የት ገቡ? እነሱን የምታገኙት በኋላ ገጽ ነው። የጨረታ ማስታወቂያ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የጠፋ ሰነድ፣ የሐዘን ምስጋና። በሐራጅ የሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ አዋሳኞቹን ይዘረዝራል፦ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ የእገሌ ቤት፣ በሰሜን የእገሊት ሱቅ። እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎችን ሰብስባችሁ ብታገጣጥሙ የአንድ ሰፈር ካርታ ይወጣችኋል። እኔን ከፊት ገጹ የሹመት ዜና ይልቅ ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

አማርኛ ብቻ ይዛችሁ ግን ምሥራቁን አትጨርሱትም። ሐረር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ሚሲዮናውያን በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያትሙ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ይወጣ የነበረው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ የሚሰራጭ ነበር። «አዲስ ዘመን» የመጣው ግንቦት 30 ቀን 1933 ነው። ስለዚህ በአማርኛ አልተጻፈም ማለት አልተደረገም ማለት አይደለም።

የተጻፈውንም እንዳለ አትዋጡት። በ1965 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖት ነበር። የመንግሥት ጋዜጣ የሚነግራችሁ መንግሥት እንዲሰማ የፈለገውን ነው። እሱም ራሱ ታሪክ ነው፣ ግን ያንን አውቃችሁ አንብቡት።

ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ወይም 6 ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስትገቡ ዜናውን ብቻ ቆርጣችሁ ፎቶ አታንሱ። ሙሉ ገጹን፣ ከነቀኑና ከነቁጥሩ አንሱ። ቀን የሌለው ቁራጭ ለማንም አይረባም።

ከዚያ ገጹን በትልቁ አሳትማችሁ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሂዱ። «የድሮውን ንገሩን» ካላችሁ ተረት ነው የምትሰሙት። ድሬዳዋን ያጥለቀለቀውን የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ዜና ብታስነብቧቸው ግን ውኃው የማን በር ላይ ቀድሞ እንደደረሰ፣ ማን ማንን በጣሪያ እንዳወጣ ይነግሯችኋል። ጋዜጣው ቁጥር ሰጥቶ ያለፈውን እነሱ በስም ይጠሩታል። እየተናገሩ ሳለ አታርሟቸው፤ ቅዱ። ከጋዜጣው ጋር የማይገጥም ነገር ከሰማችሁ ሁለቱንም ጻፉ፣ የትኛው ከየት እንደመጣም ለዩ። ደግሞ ቶሎ ሂዱ። የባቡሩን የደህና ዘመን ያዩት እያለቁ ነው።