የመብራት ገመድ ኢንተርኔት ሲሸከም ሬዲዮ ለምን ይንጫጫል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ለገጣፎ ነው። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪሱ ኢንተርኔት ለማድረስ ብዬ፣ አንዱ ከራውተሩ አጠገብ ሌላው ሰርቪሱ ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ሁለት አዳፕተሮች ገዛሁ። ኢንተርኔቱ በደንብ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ግን አባቴ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የሚከታተሉት የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ስርጭት በማያቋርጥ ጩኸት ተውጧል። ሠራተኛ ዘንድ ወስጄው ሬዲዮው ጤነኛ ነው ተባልኩ። ኤፍ ኤም አልተነካም። አባቴ «መብራት ሲጠፋ ጥርት ብሎ ይሰማል» ይላሉ። ጥፋቱ የማን ነው?
አንባቢ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ከምርመራው የሚበዛውን አባትዎ ሠርተውታል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠራ ከሆነ፣ ጩኸቱ የሚመነጨው መስመሩ ላይ ከተሰካ አንድ ዕቃ እንጂ ከሬዲዮው አይደለም። ስለዚህ አዲስ ሬዲዮ ለመግዛት አይቸኩሉ።

የገዟቸው አዳፕተሮች መረጃውን በመብራት ገመዱ ላይ የሚያስተላልፉት በአብዛኛው ከ2 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎችም የሚገኙት እዚያው ነው። ኤፍ ኤም ከ88 ሜጋኸርዝ በላይ ስለሚጀምር ከጉዳቱ ያመለጠው በዚህ ምክንያት ነው። የመብራት ገመድ የተሠራው በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚመላለስ ኃይል ነው፤ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ምልክት ሲጫንበት ምልክቱን አምቆ መያዝ አይችልም። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት የአንዱን ጨረር ሌላው እንዲያጠፋው ነው፤ በአጥርና በግድግዳ ላይ ተራርቀው የተዘረጉት የመብራት ሽቦዎች ግን ይህ መከላከያ የላቸውም። በ15 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 20 ሜትር ስለሆነ፣ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪሱ በአየር ላይ የተወጠረ 10 ሜትር ሽቦ የሞገዱ ግማሽ ይሆናል፤ አንቴና ሠሪ ሆን ብሎ የሚመርጠውም ይህንኑ ልክ ነው። ቆጣሪውም ቢሆን ምልክቱን ሙሉ በሙሉ አያግደውም፤ ከፊሉ ሾልኮ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ያም ሆኖ አዳፕተሩን ከመኮነንዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀርም ሞገድ ይረብሻሉ። (የእንጀራ ምጣድዎን አይጠርጥሩ፤ ብዙ ኃይል ቢበላም የሚያሞቅ ሽቦ ብቻ ስለሆነ ሲበራና ሲጠፋ ከሚያሰማው ቀጭታ በቀር ዝምተኛ ነው።) ሬዲዮውን በባትሪ ከፍተው ሁለቱንም አዳፕተሮች ይንቀሉ። ጩኸቱ ወዲያው ከቆመ ጥፋተኛው ታውቋል። ካልቆመ የቤቱን ዋና ብሬከር ያጥፉ፤ አሁንም ከቀጠለ ምንጩ ከአጥርዎ ውጭ ነው። ሌላም ምልክት አለ፤ ብዙዎቹ አዳፕተሮች የአማተር ሬዲዮ ሰዎችን (ለደስታቸው ሲሉ በራሳቸው ሬዲዮ እርስ በርስ የሚነጋገሩትን) ላለመረበሽ ሲባል ከ7000 እስከ 7300 ኪሎኸርዝ ያለውን ቦታ እንዲዘሉ ተደርገው ይሠራሉ። በ41 ሜትር ባንድ ላይ መርፌውን ቀስ ብለው ሲገፉ እስከ 7300 ጸጥ ብሎ ከዚያ በላይ ጩኸቱ ድንገት ከተነሣ፣ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግዎትም።

ይህ ጠብ በእኛ ሰፈር አልተጀመረም። አሜሪካ ውስጥ የማናሰስ ከተማ፣ በቨርጂኒያ፣ ለነዋሪዎቿ በመብራት መስመሮቿ በኩል ኢንተርኔት ዘርግታ ከአማተር ሬዲዮ ሰዎች የረብሻ አቤቱታ ሲቀርብባት ቆይታ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን አቋርጣለች። የተወችው ግን በረብሻው ብቻ አይደለም፤ ገቢውም አላዋጣትም ነበር።

ወደ እርስዎ ቤት እንመለስና፣ በእኔ አስተያየት ትክክለኛው መፍትሔ አዳፕተሮቹን ትቶ የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ነው። አንድ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ስለሚያደርስ የለገጣፎን ግቢ ይበቃል፤ ዝናብና ፀሐይ እንዳይጎዳው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው ይቅበሩት። ይህ እስኪሆን ድረስ በስርጭቱ ሰዓት አዳፕተሮቹን ይንቀሉ፤ መረጃ ባይተላለፍም እንኳ ተሰክተው እስካሉ ድረስ ቀጭ ቀጭ ማለታቸውን ስለማይተዉ ኢንተርኔቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ሬዲዮውንም ከግድግዳው አርቀው በረንዳ ላይ ቢያስቀምጡት ይሻለዋል።

ምንጩ ጎረቤት ከሆነ ቡና ላይ ማንሣት ይቀድማል፤ ሰውዬው የሚያደርሰውን ረብሻ ራሱ ስለማይሰማው አያውቀውም። በንግግር ካልተፈታ፣ የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የነቀሏቸውን አዳፕተሮች ለጎረቤት በስጦታ ከመስጠትዎ በፊት ግን፣ ጎረቤትዎ መብራት የሚያገኘው ከእርስዎው ትራንስፎርመር መሆኑን ያስቡ።