ቦቢ የሚሸተው ስላልታጠበ አይደለም

ከሰሚት የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ቦቢ የ4 ዓመት ባለረጅም ፀጉር ጀርመን ሼፐርድ ነው ብለሃል። ክረምቱ ከገባ በየሳምንቱ ታጥበዋለህ። በ2ኛው ቀን ሽታው ይመለሳል። የጅራቱን ሥር ይነክሳል፤ ከጆሮው ጀርባ ፀጉሩ ተቋጥሯል። አንድ ሰውም ወገቡን ላጭቶታል።

እኔ የምጠረጥረው ቦቢ አልቆሸሸም። አልደረቀም።

የእነዚህ ውሾች ፀጉር ድርብ ነው። ላዩ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ዝናብና ጭቃ ያንሸራትታል። ሥሩ እንደ ባዘቶ የለሰለሰና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሰው ጋቢ ለብሶ ከላይ የዝናብ ልብስ ደረበ በለው። ካፊያ ቢመታው ጋቢው አይርስም። አንተ ግን በጎማ ውኃ ለቀህ ጋቢውን ነከርከው። በፎጣ ስታሸው የደረቀው የላዩ ብቻ ነው። ጋቢ በሐምሌ ገመድ ላይ ተሰጥቶ እንኳ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ታውቃለህ። ይሄኛው ገላው ላይ እንደተለጠፈ ይውላል፣ ያድራል። በዚያ እርጥበትና ሙቀት ጀርም ይራባል፤ ይሸታል፣ ያሳክካል። የረገፈው ፀጉርም መውጫ አጥቶ ይቋጠራል። በበጋ ደግሞ ይኸው ድርብ ፀጉር ከፀሐይ ይከላከልለታል። ውሻ እንደኛ በገላው ሁሉ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያበርደው በዋናነት በማለክለክ ነው።

ስለዚህ «ይሞቀዋል» ብሎ ወገቡን በቶንዶስ የላጨው ሰው አናዶኛል። የተላጨው ፀጉር ለወራት ላይመለስ ይችላል፤ ሲመለስም አንዳንዴ ቦታ ቦታ እየዘለለ ነው።

አሁን ሳምንታዊውን እጥበት አቁም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት አንዴ ይበቃል። ከማጠብህ በፊት አበጥረው፤ ቋጠሮ ውኃ ሲነካው ይጠብቃል። ፀጉሩን በአንድ እጅህ ወደ ላይ ያዝና ቆዳው እስኪታይ ክፈት፤ ከዚያ መስመር ወደ ታች ጥቂት ጥቂት እየለቀቅክ አበጥር። ከኋላ እግሩ ታች ጀምር። ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ የደነበዘ የብረት ሚዶ ግዛ። መንገድ ላይ የሚሸጡት ርካሽ ብሩሾች ሽቦአቸው ቶሎ ይጣመማል፣ ቆዳውንም ይቧጭራሉ። የላዩን ብቻ አስተካክለውም ያታልሉሃል።

ቋጠሮውን በመቀስ አትንካው! ቆዳው ወደ ቋጠሮው ተስቦ ስለሚገባ ፀጉር የቆረጥክ መስሎህ ሥጋ ትቆርጣለህ። የበቆሎ ስታርች ነስንስበት፣ በጣትህ ሰንጥቀው፣ ከጫፉ ጀምረህ ፍታው። እምቢ ካለ ባለሙያ በማሽን ያንሳው። በመቀስ ግን አይሆንም።

ስታደርቀው ፎኑን በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ አየር አድርግ። ጣትህን እስከ ቆዳው አስገባ፤ ብብቱን፣ የጭኑን ጀርባና ከጆሮው ኋላ ዳስስ። ቅዝቅዝ ካለህ ቀጥል።

ጅራት ሥር መንከስ የቁንጫም ምልክት ነው። ከሚዶው የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ሶፍት ላይ ጣለው፤ ከቀላ ቁንጫ አለ። ቀይ፣ እርጥብ ቁስል ካየህ ደግሞ ሚዶውን አስቀምጥና ዛሬውኑ እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰደው።