ናይትሮው ማዶ ሆኖ ምን አገባው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ላብ ውስጥ ሁለት ኤስተሮችን (ከአሲድና ከአልኮል የሚሠሩ ውህዶችን) በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሃይድሮላይዝ አደረግን፣ ማለትም ሰበርናቸው። ሁለቱም ኢቲል ቤንዞኤት ናቸው፤ አንዱ ፓራ ቦታ ላይ (ከኤስተሩ ትይዩ) ናይትሮ (አንድ ናይትሮጅንና ሁለት ኦክስጅን) አለው፣ ሌላው ሜቶክሲ (ሜቲል የያዘ ኦክስጅን)። የናይትሮው ቶሎ አለቀ፣ የሜቶክሲው ተጎተተ። ግን እኮ ሁለቱም ከሚሰበረው ቦታ በቀለበቱ ማዶ ናቸው! የላብ ጓደኛዬ ደግሞ «ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይስባል፣ ስለዚህ ሜቶክሲም ማፍጠን ነበረበት» ብሎ ድርቅ አለብኝ። እንዴት ነው ነገሩ?
ከጎንደር

መልስ፦ እኔም በዚሁ ሜቶክሲ ተሸውጃለሁ። የላብ ረዳት ሳለሁ ነው። በሁለት ቱቦ ትንሽ አልካሊ፣ ጠብታ ፊኖልፍታሊን (በአልካሊ ውስጥ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ)፣ ከዚያ ትርፍ ኤስተር። አልካሊው ሲያልቅ ሮዝ ቀለሙ ይጠፋል። የናይትሮው ጠፋ። የሜቶክሲው እንዳማረበት ቁጭ! ኤስተሩ ተበላሽቷል ብዬ ደፋሁት፣ ሌላ አዘጋጀሁ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስም ሮዝ ነው። ምንም አልተበላሸም ነበር።

ክረምት ላይ ከእህት ወንድሞችሽ ጋር አንድ ጋቢ ለብሰሽ ተኝተሽ ታውቂያለሽ? ዳር ያለው ሲጠቀልል፣ መሃል ያለው ማንም ሳይነካው እግሩ ይራቆታል። ጋቢው የቀለበቱ ኤሌክትሮን ነው። ናይትሮ ጠቅላይ ነው። የተራቆተው የካርቦኒሉ ካርቦን ነው (ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘው፣ ኤስተሩ የሚሰበርበት)፤ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይዞ የሚመጣውን ሃይድሮክሳይድ እሱ ይቀበለዋል። ካረፈ በኋላም ቻርጁ ካርቦኒሉ ኦክስጅን ላይ ሲከመር፣ የናይትሮ ስበት ሸክሙን ያቀልለታል።

ጓደኛሽ ግማሽ እውነት ይዟል። የሜቶክሲ ኦክስጅን በቦንዱ በኩል ይስባል፤ ነገር ግን ትርፍ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ቀለበቱ ያፈሳል። ፓራ ላይ ሲቀመጥ የሚያፈሰው ካርቦኒሉ ድረስ ይደርሳል፣ መስጠቱም ከመሳቡ ይበልጣል። ሜታ ላይ (ከኤስተሩ አንድ ካርቦን ዘሎ) ብታስቀምጪው ግን ስጦታው ካርቦኒሉ ጋ አይደርስም፤ ስበቱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሜታ ሜቶክሲ በመጠኑ ያፈጥናል! ክርክሩ በሜታ ቢሆን ኖሮ ጓደኛሽ ይረታሽ ነበር።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ሃሜት በ1937 (እንደ ፈረንጆቹ) ይህን በቁጥር አስቀመጠው። ፖዘቲቭ ቁጥር ሳቢ፣ ኔጋቲቭ ሰጪ ማለት ነው፦ ለፓራ ናይትሮ 0.78፣ ለፓራ ሜቶክሲ −0.27፣ ለሜታ ሜቶክሲ 0.12። የእናንተ ሪአክሽን ውሃና ኢታኖል ውስጥ ለዚህ መሳብና መስጠት ያለው ስሜታዊነት 2.5 ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አባዢ፤ ውጤቱ የፍጥነቱ ጥምርታ ሎጋሪዝም ነው። ናይትሮው ምንም ከሌለበት ኤስተር ወደ 90 እጥፍ ይፈጥናል፣ ሜቶክሲው ወደ 5 እጥፍ ይዘገያል። ኦርቶ ላይ (ኤስተሩ አጠገብ) ግን በዚህ አትመኪ፤ እዚያ መጨናነቁ ራሱ ይረብሻል።

በአሲድ ብትሞክሩት ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። መጀመሪያ ኦክስጅኑ ፕሮቶን መቀበል አለበት፣ ናይትሮ ይህን ያከብድበታል። ቀጥሎ ውሃ ሲመጣ ያግዘዋል። በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የናይትሮው ኤስተር ጠጣር ነው፣ ቶሎ አይሟሟም። ለእሱ ቱቦ ብቻ አልኮል ጨምራችሁ ከሆነ ንጽጽሩ ፈርሷል፤ የሁለቱም መሟሟቻ አንድ ይሁን። አልኮሉም ኢታኖል ነው መሆን ያለበት። በሜታኖል ከሠራችሁት ኢቲሉ በሜቲል ይቀየርና ሁለት የነበረው ኤስተር አራት ይሆንባችኋል።