ቡና ለምትቀምሱ ልጆች፦ ቡርጎኝን እወቁ

ቅምሻ ለሚማሩ ወጣቶች ስለ ፈረንሳይ ወይን ማውራት ስጀምር ፊታቸው ይለዋወጣል። «ጋሼ፣ እኛ የመጣነው ቡና ልንማር ነው» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ግን በዚህ ሙያ ትንሽ እንደቆያችሁ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ስም ያለው ምርት ስሙን ከየት አመጣው? እኔ ለዚህ ጥያቄ ከቡርጎኝ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ወይን ጠጡ እያልኩ አይደለም። ጠብታ የማይነካ ሰውም ከዚህ ታሪክ የሚወስደው አለ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቡርጎኝ፣ ብዙዎቻችሁ ቡርገንዲ የምትሉት፣ በምሥራቅ ፈረንሳይ ይገኛል። እኔ የማወራችሁ ስለ ክልሉ በሙሉ አይደለም። ከዲዦን ከተማ ጀምሮ ወደ ደቡብ ስለሚዘረጋው ኮት ዶር ስለሚባለው ጠባብ ተዳፋት ነው። ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ግን አንዳንድ ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰሜኑ ኮት ደ ኑዊ፣ ደቡቡ ኮት ደ ቦን ይባላል። ስመ ጥሮቹ ቀይ ወይኖች በአብዛኛው የሰሜኑ ናቸው። ሁሉም የሚጠመቁት ፒኖ ኗር ከሚባል አንድ የወይን ዝርያ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዝርያው አንድ ነው፣ አጠማመቁም ይቀራረባል። ሆኖም ከዋናው መንገድ በታች ካለው ሜዳ የመጣው ወይን በጥቂት አሥር ዩሮዎች ይሸጣል። ከመንገዱ በላይ፣ ተዳፋቱ ወገብ ላይ፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ከሚያስኬድ ማሳ የመጣው ደግሞ በሺዎች ይጠራል።

ቦታው ከ160 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነበር። የዛጎልና የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ተደራርቦ የኖራ ድንጋይ ሆነ። በድንጋዩ መሃል መሃል ሸክላ የተቀላቀለበት ለስላሳ ንብርብር አለ፤ ፈረንሳዮች «ማርን» የሚል ስም ሰጥተውታል። ቆየት ብሎ መሬቱ ተሰነጠቀና በምሥራቅ በኩል ያለው የሶን ወንዝ ሜዳ ሰመጠ። ኮት ዶር የዚያ ስምጥ ጠርዝ ነው። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ለሆነ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መሬት ሲሰነጠቅ በየከፍታው ሌላ ሌላ ድንጋይ ብቅ ይላል። ሁለት መቶ ሜትር ቁልቁል ስትሄዱ የምትረግጡት አፈር ይለወጣል።

ከላይ አፈሩ ስስ ነው፤ ድንጋይ ይበዛበታል፤ ብርድ አለ። ከታች አፈሩ ይወፍራል፣ ውሃ ያቁራል፣ በጸደይ ውርጭ ይተኛበታል። መሃሉ ውሃን በልኩ ይይዛል፣ የተረፈውን ያሳልፋል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ ታገኘዋለች። አፈሩን፣ ተዳፋቱን፣ አየሩንና የገበሬውን ልማድ አንድ ላይ ፈረንሳዮች ቴሯር ይሉታል። ስምና ወሰን የወጣለትን እያንዳንዱን ማሳ ደግሞ ክሊማ ይሉታል። 1,247 ክሊማዎች አሉ። ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ይህን ሁሉ ማን ለየው? ጂኦሎጂ የሚባል ትምህርት ከመኖሩ በፊት የለዩት በብዛት መነኮሳት ናቸው። በ1098 ሲቶ በሚባል ረግረጋማ ቦታ አዲስ ገዳም ተመሠረተ። መነኮሳቱ በእጃቸው መሥራት ግዴታቸው ነበር። ከአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ በስጦታም በግዢም በቩዦ ተዳፋት ላይ ማሳ ያሰባስቡ ጀመር። ቀስ በቀስ 50 ሄክታር ያህል ሞላላቸው። በ14ኛው መቶ ዓመት ዙሪያውን በድንጋይ አጠሩት። ክሎ ደ ቩዦ ይሉታል፤ አጥሩ ዛሬም ቆሟል። አስጎብኚዎች መነኮሳቱ ወሰን የሚለዩት አፈሩን በምላሳቸው እየቀመሱ ነበር ይሏችኋል። ጨዋታ ነው፤ ሳቁና እለፉት። መነኮሳቱ የነበራቸው ትልቅ ሀብት ጊዜ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካል፤ ማሳው ግን ያው ነው። ይህኛው ጥግ ቀድሞ ይበስላል፣ ያኛው ጥግ በዝናብ ዓመት ይበላሻል እያሉ ለዘመናት ማስተዋል ችለዋል። ከመካከላችን ለአሥር ዓመት አንድ ማሳ ላይ ዓይኑን የተከለ ማነው?

መኳንንቱም ድርሻ አላቸው። በ1395 «ደፋሩ» የተባለው መስፍን ፊሊፕ ጋሜ የሚባለው የወይን ዝርያ እንዲነቀል አዘዘ። ጋሜ ብዙ ያፈራል፣ ቶሎ ይደርሳል፤ ገበሬው ይወደዋል። መስፍኑ ግን በአዋጁ እጅግ መጥፎና ታማኝነት የሌለው ተክል ብሎ ሰደበው። ማሳ ላይ ፍግ መጨመርንም ከለከለ፤ ምርት እንጂ ጣዕም አይጨምርም ባይ ነው። እኔ ይህን አዋጅ ሳነብ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ገበሬው ልጆቹን የሚያበላው በብዛት ነው። መስፍኑ የሚጠጣው ጥራቱን ነው። አዋጁም እንዳሰበው ቶሎ አልሠራም፤ ጋሜ ለረጅም ዘመን እየተደበቀ ቀጠለ። የሚገርመው፣ ይኸው የተሰደበ ዝርያ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በቦዦሌ ግራናይት ላይ ሲተከል መልካም ወይን ይወጣዋል። ዝርያን መጥፎ ነው ከማለታችሁ በፊት የት እንደተተከለ ጠይቁ።

ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወርሶ ተሸጠ። የናፖሊዮን ሕግ ደግሞ ውርስ ለልጆች እኩል ይከፈል አለ። ርስት ሲከፋፈል ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ክሎ ደ ቩዦ እስከ 1889 ሳይቆራረጥ ቆይቶ በዚያው ዓመት ተከፋፈለ። ዛሬ በአንድ አጥር ውስጥ ከ80 በላይ ባለቤቶች አሉ። አንዳንዱ ያለው ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው። ከላይ ድንጋያማው ላይ ያለውም ከታች መንገዱ ዳር ጭቃው ላይ ያለውም በመለያው ላይ የሚጽፉት ስም አንድ ነው፤ ክሎ ደ ቩዦ፣ ግራን ክሩ (ከፍተኛው ደረጃ ማለት ነው)። ስለዚህ የምትገዙት ጠርሙስ ግሩም ሊሆን ይችላል፣ ተራም ሊሆን ይችላል። ስም ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ቦታ አላውቅም።

በ1878 ሥር የምትበላው ፊሎክሴራ የተባለች ነፍሳት ኮት ዶር ደረሰች። መፍትሔው የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ማጣበቅ ሆነ። እንቢ ብሎ የቆየ አንድ ማሳ ነበር፤ ስሙ ሮማኔ ኮንቲ፣ ስፋቱ 1.8 ሄክታር። የድሮ ሥሮቹን ይዞ እስከ 1945 ዘለቀ። በዚያ ዓመት 600 ጠርሙስ ብቻ ሰጠና ተነቀለ። ከዚያች ዓመት አንድ ጠርሙስ በ2018 ኒው ዮርክ ላይ በ558,000 ዶላር ተሸጧል። እኔ ለመጠጥ ይህን ያህል የሚከፍል ሰው አይገባኝም። የገዛውም ለመጠጥ አይመስለኝም።

ስም ሲወደድ ሌባ ይመጣል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብዙ ነጋዴዎች ከደቡብ ፈረንሳይና ከአልጄሪያ የመጣ ጠቆር ያለ ወይን እየቀላቀሉ በቡርጎኝ ስም ይሸጡ ነበር። ገበሬው ወይኑን በበርሜል ለነጋዴ ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አያይም። ይህን ከተቃወሙት መካከል የቮልኔው ማርኪ ዳንዠርቪል እና የኑዊ ሰን ዦርዡ ኦንሪ ጉዥ ይገኙበታል። ነጋዴዎቹ ፊት ቢነሷቸውም ወይናቸውን ራሳቸው በጠርሙስ አሽገው በራሳቸው ስም መሸጥ ጀመሩ። በ1935 የስያሜ ሕግ ወጣ፤ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ የቡርጎኝ ስሞች በየተራ በሕግ ተጠበቁ። ሕጉ ወሰኑን፣ ዝርያውን፣ ከአንድ ሄክታር የሚፈቀደውን ከፍተኛ ምርት ይደነግጋል። ደረጃው ከታች ወደ ላይ አራት ነው፤ ክልል፣ መንደር፣ ፕሪምዬ ክሩ፣ ግራን ክሩ። ግራን ክሩ የሚባሉት 33 ብቻ ናቸው፤ ከምርቱም ድርሻቸው በጣም ጥቂት ነው።

ተንኮል ግን ሕጋዊም ሊሆን ይችላል። ዠቭሬ የምትባል መንደር በ1847 የዝነኛ ማሳዋን የሻምበርታንን ስም ከስሟ ጋር ለጠፈች። ዠቭሬ ሻምበርታን ሆነች። ሌሎች መንደሮችም አይተው ተከተሏት። ያልነቃ ገዢ የመንደሩን ወይን የታላቁ ማሳ ወይን ይመስለዋል። አትሳቁ። በእኛም አገር ይርጋጨፌ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ከይርጋጨፌ ወረዳ አይደለም፤ የኮቸሬውም የወናጎውም ቡና በዚያ ስም ሲሄድ ኖሯል። የኮቸሬ ሰው የራሱን ስም ቢፈልግ እኔ እደግፈዋለሁ።

የእኛ አገር መንገድ ከቡርጎኝ የተለየ ነው። ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው እሰጥ አገባ በ2007 በስምምነት አለቀ። እንደ ፈረንሳይ በመልክዓ ምድር ስያሜ ለምን አልሄድንም የሚል ክርክር ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ። የመንግሥት መልስ ይህን ያህል ብዛት ያለውን አነስተኛ ገበሬ እየዞሩ መቆጣጠር አይቻልም የሚል ነበር። ለዚያ ጊዜ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የንግድ ምልክት ግን ስሙን ይጠብቃል እንጂ ጆንያው ውስጥ ያለውን አይጠብቅም። እሱን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።

እንዴት? ናሙና ስትቀበሉ የወረዳውን ስም ብቻ አትጻፉ። ቀበሌው፣ መፈልፈያ ጣቢያው፣ ከፍታው፣ እሸት ቡናው የገባበት ቀን ይጻፍ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። የቦን ከተማ ሰዎች ግን ወይን ለቀማ የጀመሩበት ቀን ከ1354 ጀምሮ ተሰባስቦ ይገኛል። ማንም ለሳይንስ ብሎ የጻፈው አይደለም። የለቃሚዎች ደመወዝ የተከፈለበት የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ነው፣ የከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ነው። ተመራማሪዎች ይህን አሰባስበው በ2019 ሲያወጡት ከ1988 ወዲህ ለቀማው ከቀድሞው አማካይ በ13 ቀን እንደቀደመ ታየ። ስድስት መቶ ዓመት የሚናገር የሙቀት መለኪያ አገኙ፣ ያውም በደመወዝ መዝገብ። የእናንተ ደብተር ደግሞ የት ነው? ስልክ ላይ ከሆነ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ቡርጎኝን ገነት አድርጌ እንዳትወስዱብኝ። ዛሬ የግራን ክሩ መሬት በሄክታር ብዙ ሚሊዮን ዩሮ ያወጣል። አባት ሲሞት ልጆቹ የውርስ ግብሩን መክፈል ያቅታቸዋል። ለዚህም ነው የቅንጦት ዕቃ የሚሸጡ ቢሊየነሮች እየገቡበት ያሉት። ክሎ ዴ ላምብሬ በ2014፣ ክሎ ደ ታር በ2017 ለእንዲህ ዓይነት ገዢዎች ተሸጠዋል። ስም በጣም ሲገዝፍ ስሙን ያቆመውን ገበሬ ከመሬቱ ሊነቅለው ይችላል። ለይርጋጨፌም ለጉጂም ልታስቡበት የሚገባ ነገር ነው።

እዚያ ሄዶ የማየት ዕድል ከገጠማችሁ ጊዜ ምረጡ። ቦን ከተማ የኋለኛው የቡርጎኝ መስፍን አማካሪ ኒኮላ ሮላን በ1443 ለድሆች ያቋቋመው ሆስፒታል አለ። ሆስፒታሉ የራሱ የወይን ማሳ አለው፤ ወይኑን ከ1859 ጀምሮ በጨረታ ይሸጣል፤ ጨረታው በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛው እሑድ ነው። በዚያ ሳምንት የሆቴል ዋጋ አይቀመስም፣ ግርግሩም አያሠራም። እኔ የምመክረው ጥር ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ግን መግረዙ የሚሠራው ያኔ ነው። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ሲገርዙ ቆሜ አይቻለሁ። ከእያንዳንዱ ግንድ አንድ ረዥም ቅርንጫፍ ለዘንድሮ፣ አንድ አጭር ጉቶ ለከርሞ ያስቀሩና ሌላውን ይቆርጣሉ። አንድ ሄክታር ላይ 10,000 ያህል ግንድ አለ። የቆረጡትን፣ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ ጎማ የተገጠመለት ጋሪ ላይ ያነዱታል፤ እየገፉት ይሄዳሉ፣ እጃቸውንም ያሞቁበታል። የት ላይ ውርጭ እንደሚተኛ ሲያሳዩኝ ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ሁለት ረድፍ ብቻ ነበር። የሚቀጥለው ረድፍ ደህና ነው አሉኝ።

ሮማኔ ኮንቲ ማሳ ዳር የድንጋይ መስቀል አለ። ሁሉም እዚያ ፎቶ ይነሳል፤ ተነሱ፣ አልከለክልም። ወደ ማሳው ግን አትግቡ። ከዚያ ክሎ ደ ቩዦ ሂዱና ከላይኛው በር ጀምራችሁ በአጥሩ ጥግ እስከ መንገዱ ቁልቁል ውረዱ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ከሆነ ይመረጣል። ላይ ስትጀምሩ ጫማችሁ ደረቅ ይሆናል፤ ታች ስትደርሱ ጭቃው ሊያስወልቃችሁ ይደርሳል። ቦት ጫማ ያዙ።