የሌላ ሰው ዜማ እጃችሁ ሲገባ

በቅርቡ አንድ ወጣት የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ጥያቄ ላከልኝ። የአንድ ሱፐርሂሮ ፊልም ክፍል ሁለት ተሰጥቶታል። የክፍል አንዱን ሙዚቃ የሠራው ሌላ ሰው ነው። «የእሱን ዜማ ከተጠቀምኩ የእኔ ሥራ የቱ ጋ ይታያል? ከተውኩት ደግሞ ተመልካቹ ይቀየመኛል። ምን ይሻለኛል?» ይላል።

በሁለት መስመር ልመልስለት ተቀመጥኩ። አልሆነልኝም። ጥያቄው ለብዙ ዓመታት ያላነሳሁትን ነገር ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለእሱም፣ በእሱ መንገድ ላይ ላላችሁ ልጆቼም ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። በሰዓቱ አስረክቡ፣ ዳይሬክተሩን ስሙት የሚሉትን ምክሮች እዘላቸዋለሁ። እነሱን ታውቃላችሁ።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት በኖታ ገልባጭነት ነው። ኮምፒውተር ሥራውን ሳይወስደው በፊት፣ ደራሲው የጻፈውን ሙሉ ኖታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለየብቻ በእጁ የሚገለብጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። ለቫዮሊኑ የቫዮሊኑን፣ ለትራምፔቱ የትራምፔቱን። ሲሰሙት አሰልቺ ይመስላል። የሌላን ሰው ሐሳብ ከውስጥ ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላጋጠመኝም። ዛሬ ፋይሉን ከፍታችሁ በአንድ ደቂቃ ታዩታላችሁ። ያየ ሁሉ ግን አያውቀውም።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ የሱፐርሂሮ ፊልም መጣ። የሙዚቃው ደራሲ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። ለጀግናው የጻፈው ዜማ አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው፤ አያልቅም። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ማረፊያው ላይ ሊደርስ አንድ ኖታ ሲቀረው ይቆማል፤ ወይም ወደ ሌላ ነገር ይታጠፋል። በፊልሙ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፣ አንድም ቀን አያርፍም። እኔ ስገለብጥ የተሳሳተ ኖታ መስሎኝ ሄጄ ጠየቅኩት።

«ልጁ ገና ማን እንደሆነ አላወቀም» አለኝ ስለ ጀግናው። «ዜማው ከእሱ ቀድሞ እንዴት ያውቃል?»

ከዚያ ከማህደሩ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ገጽ አውጥቶ አሳየኝ። የዜማው መጨረሻ ነበር። አራት ባር ብቻ፤ በኖታው ላይ አራት አጫጭር ክፍሎች ማለት ነው። ዜማው እዚያ ላይ ያርፋል። «ይቺ ለሚቀጥለው ናት» አለና መልሶ ከተታት።

ክፍል ሁለት ሲመጣ ዳይሬክተሩ ተቀየረ። አዲሱ ዳይሬክተር አብሮት የሚሠራውን የራሱን ደራሲ ይዞ መጣ። ሽማግሌውን ማንም አልጠራውም። ይሄ በሙያችን የተለመደ ነው፣ ማንንም አልወቅስበትም። እኔ የድሮውን ወረቀት ስለማውቀው በሥራው ላይ ቀረሁ። አዲሱ ደራሲም ጎበዝ ነበር። ለጀግናው በቫዮሊኖችና በከበሮ የሚገሰግስ አዲስ ዜማ ጻፈለት። እውነቱን ለመናገር ያንን ዜማ እስከ ዛሬ አንጎራጉረዋለሁ። ከመጀመሪያው ይልቅ እሱ ቶሎ ይመጣልኛል።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። ጀግናው ጭምብሉን አውልቆ ስሙን የሚናገርበት ቦታ ነው። አዲሱ ዜማ እዚያ ሲገባ ጀግናው እንደገና ለጸብ የተነሳ ይመስላል። ቀስ ቢያደርገውም፣ በፒያኖ ብቻ ቢሞክረውም አልሄደም። ያኔ ስለዚያች የእርሳስ ገጽ ነገርኩት። ብዙዎች እንዲህ ሲባሉ ይኮራሉ። እሱ ግን ያኔውኑ ለሽማግሌው ደወለ። ሽማግሌውም ምንም ሳይጠይቅ ገጿን ላከለት።

መጀመሪያ አንድ ሆርን፣ ያ የተጠማዘዘው የነሐስ መለከት፣ ብቻውን፤ ከዚያ ከሥሩ የቫዮሊን ታላላቆች የሆኑት ቪዮላና ቼሎ ቀስ ብለው ይገባሉ። እንዲህ አድርጎ አቀናበረው። በቀረጻው ቀን ከክፍል አንድ የመጡ ተጫዋቾች ነበሩ። ያልጨረሰውን ዜማ ተጫውተውት ያውቃሉ። የመጨረሻው ኖታ ሲያርፍ የገባቸው እነሱ ናቸው። ባለቫዮሊኖቹ በቫዮሊናቸው ቀስት የኖታ ማስቀመጫውን መታ መታ አደረጉ፤ የእነሱ ጭብጨባ እንዲያ ነው።

ፊልሙ ሲወጣ ያ ሙዚቃ የለም። ንግግሩ፣ ድምፁና ሙዚቃው በሚቀላቀልበት በመጨረሻው ሚክስ ላይ ፕሮዲውሰሮቹ እዚያ ቦታ ላይ የታዋቂ ዘፋኝ ዘፈን አስገቡ። ዘፈኑ ለብቻው ይሸጣል፣ ፊልሙንም ያስተዋውቃል ተባለ። ሽማግሌው ከፊልሙ በኋላ ሲያገኘኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሆርኑ ደህና ተጫወተ?» አለኝ። በጣም ደህና ተጫወተ አልኩት። የተቀረጸውን ሳይሰማ ሞተ። ካሴቱም የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም። ፊልሞቹ ዛሬም ይታያሉ፣ ዜማው ግን አሁንም አላረፈም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁሌ የማመዛዝነው ከዚህ ታሪክ ጋር ነው። ላስረዳችሁ።

ለጀግና የተጻፈ ዜማ እንደ ስም ነው። አንዴ ከወጣለት በኋላ የአውጪው ብቻ አይደለም። በ1978 ጆን ዊልያምስ ለሱፐርማን የጻፈውን አስቡት። ትራምፔቱ ወደ አምስተኛው ኖታ ሲዘል፣ ሰውየው ገና ሳይታይ መምጣቱን ታውቃላችሁ። በ1980 ክፍል ሁለት ሲመጣ ዊልያምስ አልነበረም። ሥራው ለኬን ቶርን ተሰጠ። የቶርን ኃላፊነት የዊልያምስን ዜማዎች ወስዶ ለአዲሱ ፊልም ማስተካከል ነበር። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ትንሽ ሥራ ያየዋል። እኔ አላየውም። በ1987 አራተኛውን የያዘው አሌክሳንደር ከሬጅ ነው። የ«ስታር ትሬክ»ን የቴሌቪዥን ዜማ የጻፈው ሰው! የራሱ ዝነኛ ዜማ ያለው ሰው፣ የጓደኛውን ዜማና ዊልያምስ የጨመረለትን አዳዲስ ሐሳብ ይዞ ተቀምጦ ሠራ። ኩራቱ አልተነካም።

እናንተ ግን ትፈራላችሁ። የምትልኩልኝን ሥራ ስሰማ ድምፁ ያስደንቀኛል፤ እኛ በሙሉ ኦርኬስትራ የማናወጣውን ጥልቀት ከአንድ ኮምፒውተር ታወጣላችሁ። ዜማው የት አለ ብዬ ስፈልግ ግን አጣዋለሁ። ዜማ መጻፍ የድሮ ሰው ያስመስለኛል ብላችሁ የምትሰጉ ይመስለኛል። ዳኒ ኤልፍማን የ1989ኙን የባትማን ዜማ ያገኘው አውሮፕላን ውስጥ ነው። ሐሳቡ እንዳይጠፋው መጸዳጃ ቤት እየገባ በትንሽ መቅጃ ያንጎራጉር ነበር፤ ራሱ ደጋግሞ ተርኮታል። የዜማው መነሻ አምስት ኖታ ነው። በአፉ ሊለው የሚችለውን ነገር ነው የቀዳው። እናንተም የጻፋችሁትን በአፋችሁ ማለት ካልቻላችሁ ጠርጥሩት።

ይሄን ካልኩ በኋላ የድሮው ዜማ ሁልጊዜ ይቀመጥ እያልኩ ይመስላል። አይደለም። በ1995 ባትማን ዳይሬክተር ሲቀይር ኤሊዮት ጎልደንታል መጣና አዲስ ዜማ ጻፈ። ፊልሙ ቀለሙ ሌላ፣ ጨዋታው ሌላ ነበር። የኤልፍማን ጨለማ እዚያ ቢገባ ይጋጭ ነበር። ትክክል ነው የሠራው። ሃንስ ዚመርም በ2013 ሱፐርማንን ከዜሮ ሲጀምር የዊልያምስን ዜማ አለመንካቱ ተገቢ ነበር። ታሪኩ ራሱ እንደገና ነው የተወለደው። ታሪኩ ሲቀጥል ዜማው በየፊልሙ ሲቀየር ነው የሚያናድደኝ። «አይረን ማን» ሦስት ፊልም፣ ሦስት ደራሲ፣ ሦስት ዜማ ነው፦ ራሚን ጃዋዲ፣ ጆን ዴብኒ፣ ብራያን ታይለር። እያንዳንዱ ጥሩ ነው። ግን ያንን ጀግና በዜማው የሚያስታውስ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? «ኤክስ ሜን»ም ከማይክል ኬመን ወደ ጆን ኦትማን፣ ከዚያ ወደ ጆን ፓውል እያለ እንዲሁ ሄደ። በ2014 ኦትማን ሲመለስ የራሱን የ2003 ዜማ ይዞ ተመለሰ፤ ተመልካቹ ደስ አለው። የቆየ ነገር ሲመለስ ሰው ደስ ይለዋል።

ከሁሉም የምወደው ግን የሌላውን ዜማ እንዴት እንደሚነካ የሚያውቅበትን ደራሲ ነው። ክሪስቶፈር ያንግ በ2007 የስፓይደርማን ሦስተኛውን ሲይዝ የኤልፍማንን ዜማዎች አስቀመጠ፤ ለአዳዲሶቹ ጠላቶች ደግሞ የራሱን ጻፈ። የጀግናውን ለጀግናው ተወለት፣ የራሱን ቦታም አገኘ። በ2015 ደግሞ ኤልፍማን ራሱ በተራው የሌላ ሰው ዜማ እጁ ገባ። የአለን ሲልቬስትሪን የ«አቬንጀርስ» ዜማ ወስዶ ከራሱ ሐሳብ ጋር አንድ አድርጎ አሳደገው። ስትሰሙት የሁለቱም እጅ አለበት። ከአራት ዓመት በኋላ ሲልቬስትሪ በ«አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ሁሉም ጀግኖች በሚሰበሰቡበት ትዕይንት ላይ ያንን ዜማ ሲለቀው፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰው የሚነሳው ለዓመታት ሲጠብቀው ስለነበር ነው። ሲልቬስትሪ ዕድለኛ ነው። ዜማውን ራሱ አሳረፈው።

አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምትወስነው ዜማውን የት እንደምታስገባ አይደለም። የት እንደምትከለክለው ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ደራሲ በሕይወት ካለ ደውልለትና ያልጨረሰው ነገር እንዳለ ጠይቀው። ለብቻው የወጣውን የፊልሙን ሙዚቃ አልበም ብቻ አትስማ። አልበም ለማዳመጥ ተብሎ ይቆረጣል፣ ቅደም ተከተሉም ይለወጣል። ኖታውን ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ስቱዲዮው ያስቀምጠዋል።

ዳይሬክተሩ ፊልሙን ሲቆርጥ በጊዜያዊነት ያስገባው የሌላ ፊልም ሙዚቃም አለ። ከሁሉ በላይ የምፈራው እሱን ነው። ሰውየው ለወራት ሲሰማው ከርሞ ይለምደዋል፣ ከዚያ የምትጽፉት ሁሉ ባዕድ ይሆንበታል። ብዙ የድሮ ዜማ የሞተው በአዲሱ ደራሲ ኩራት ሳይሆን በዚህ ልማድ ነው። ገና ሲጀመር የክፍል አንዱ ሙዚቃ በጊዜያዊነት እንዲገባ ለምኑ።

ደፍሮ የሚያነሳው ስለሌለ ገንዘቡንም ላንሳው። ፊልሙ በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር ለደራሲው የሚከፈል ክፍያ አለ። የሚከፋፈለው ደግሞ እያንዳንዱ ሙዚቃ የማን እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደሆነ በሚመዘገብበት ዝርዝር መሠረት ነው። የሌላውን ዜማ ስታስገቡ የዚያ ደቂቃ ክፍያ ለእሱም ይደርሳል። አንዳንዱ ደራሲ የድሮውን ዜማ የሚተወው ለጥበብ ብሎ ይመስላችኋል፤ ምክንያቱ ይሄ የሆነበት ጊዜ አለ። አልፈርድበትም፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ግን ትዕይንቱ የሚፈልገውን ዜማ በዚህ ምክንያት መከልከል ልክ አይደለም። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የመጀመሪያው ዜማ በግምት ስንት ቦታ እንደሚገባ ከፕሮዲውሰሩ ጋር ተነጋገሩ፤ የፊት ክፍያችሁንም በዚያው ልክ ጠይቁ።