መልስ፦ ጃካርታ ላይ ግማሽ ቀን ካለኝ የታሪክ ሙዚየሙን ልየው?

ወንድሜ፣ ግማሽ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፣ ያዋጣል ወይ ላልከው፣ በደንብ ያዋጣል። ሕንፃው ከተማዋ ባታቪያ በምትባልበት ዘመን የሆላንዶች ማዘጋጃ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1710 ተመረቀ፤ ሙዚየም የሆነው በ1974 ነው። ፎቅ ላይ ያሉትን የድሮ ዕቃዎች ቶሎ አልፈህ ወደ እስር ቤቶቹ ውረድ። ጣሪያቸው በጣም ዝቅ ያለ ነው። እስረኛ እግር ላይ የሚታሰሩት ከባድ የብረት ኳሶችም እዚያው አሉ። ከላይ ፍርድ ቤት፣ ከታች ወህኒ! ቅኝ አገዛዝ ምን እንደሆነ እዚያ ይገባሃል። ከ1825 ጀምሮ ሆላንዶችን የተዋጋው የጃቫው ልዑል ዲፖኔጎሮም በ1830 ወደ ሱላዌሲ ከመጋዙ በፊት እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ታስሮ ነበር። ይህን ሳታይ እንዳትወጣ። በባቡር ከሆነ ጃካርታ ኮታ ጣቢያ ውረድ፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ሰኞ ግን ዝግ ነው።