መልስ፦ ባለ 3 ዲስክ ማረሻ ለማሴ ፈርጉሰን 35

ወንድም፣ ትራክተርህ ባለ 3 ዲስኩን ማረሻ ሲያነሳ የፊት ጎማው ከመሬት እንደሚለቅ፣ የማረሻው ፒንም እንደማይገባልህ ጠይቀሃል። የፊት ጎማው የሚለቀው ማረሻው ስለከበደው ነው። ማሴ 35 ናፍጣው 37 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ሦስት ዲስክ በደረቅ መሬት ላይ አይጎትትም። የኋለኛውን ዲስክ ከነመያዣው አውጣ። ከትራክተሩ የራቀው እሱ ስለሆነ ሊፍቱን፣ ማለትም የትራክተሩን ማንሻ፣ ይበልጥ የሚያስጨንቀውም እሱ ነው።

ዲስኩን አውጥቶ የትልም ጎማውን (ከማረሻው ኋላ ያለውን ጎማ) በነበረበት መተው ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ዲስክ አፈሩን ወደ ጎን ሲገፋ ማረሻውም ወደ ተቃራኒው ይገፋል፤ ያንን ግፊት የሚችለው ይህ ጎማ ነው። ወደ ፊት አምጥተህ ከሁለተኛው ዲስክ ጀርባ፣ በትልሙ ውስጥ እንዲሄድ አድርገህ እሰረው። ያለዚያ ማረሻው ወደ ጎን ይሸሻል፣ መሪውም ይጎትትሃል።

ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው ፒን የማይገባልህ ማረሻው ካቴጎሪ 2፣ ትራክተርህ ግን ከሱ ያነሰው የማያያዣ መጠን፣ ካቴጎሪ 1፣ ስለሆነ ነው፦ የታችኛው ፒን 28 ሚሊ ሜትር፣ ያንተ ትራክተር ማንሻ ክንድ ቀዳዳ ግን ለ22 ነው። ቀዳዳውን አታስፋ፤ በክንዱ ጫፍ ያለው ባለ ቀዳዳ ኳስ ይሳሳል። ፒኑን ቀይር። በፌሮ ብረት እንዳትሠራው አደራ፣ ጭነት ላይ ይጎብጣል። የፒኖቹንም ርቀት ከ825 ወደ 683 ሚሊ ሜትር አጥብብ፣ በየጎኑ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው፤ አለዚያ ክንዶቹ ተከፍተው ጎማ ይፈጫሉ። ለማረሻው የላይኛው ማያያዣ ቀዳዳ ውጭው 25፣ ውስጡ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሽ (ቀዳዳውን የሚያጠብ የብረት ቀለበት) ቶርኖ ቤት አስወጣ።

ከዚህ በኋላም ፊቱ ከቀለለ የፊት ክብደት ጨምርበት።